«ሂ» ማን ነው? በአቃቂ አንድ የሌሊት ፈረቃ ሪፖርት ያስከተለው ማስጠንቀቂያ (የጉዳይ ጥናት)

ወጣቱ ቢሮዬ ሲገባ የሥራ ቱታውን እንኳ አላወለቀም። የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ፣ ሰርቪሱ አቃቂ አስፋልት ዳር እንዳወረደው በቀጥታ ወደ እኔ መምጣቱ ነው። ሥራዬ ጽሕፈትና ትርጉም ነው። የቤት ኪራይ ውል፣ ማመልከቻ፣ የትምህርት ማስረጃ ትርጉም ይመጣልኛል፤ ከሁሉም የሚበዛው ግን ከአቃቂ ወደ ገላንና ዱከም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ፋብሪካዎች የሚወጣ ደብዳቤ ነው። ልጁ ከደረት ኪሱ ለአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣና «እትዬ፣ ለዚህ በእንግሊዝኛ መልስ ጻፊልኝ። ያላደረግኩትን አደረግክ ተብያለሁ» አለኝ።

ወረቀቱ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነበር። ሁለት ጥፋት ይዘረዝራል። አንደኛ፣ የማቀዝቀዣ ውሃውን ቫልቭ እንዲከፍት ተነግሮት አልከፈተም። ሁለተኛ፣ የሚቆጣጠረውን ማሽን ትቶ ወደ ሌላ ማሽን ሄዷል። ልጁ የፕላስቲክ ሳፋና ባልዲ በሚያመርት ፋብሪካ የማሽን ኦፕሬተር ነው። የእሱንም የፋብሪካውንም ስም አልጽፍም።

ሳፋ የሚሠራው ማሽን የቀለጠውን ፕላስቲክ በከፍተኛ ግፊት ሞልድ (የሳፋው ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ይሞላል። በሞልዱ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ይዘዋወራል፤ ፕላስቲኩ ቅርጹን ይዞ የሚረጋው በዚያ ውሃ ነው። ውሃው ከቆመ ሞልዱ እየጋለ ይሄዳል፣ ሳፋው ሳይረጋ ይጣበቃል፣ የተጣበቀውን ለማላቀቅ ሲታገሉ ደግሞ የሞልዱ ገጽ ይጫራል። በዚያች ሌሊት ልጁ በሚቆጣጠረው ማሽን 2 ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የውሃ ቱቦው መጋጠሚያ ያንጠባጥብ ስለነበር ቴክኒሻኑ ማሽኑን አስቁመው፣ ቫልቩን ዘግተው መጠገን ጀመሩ። ማሽኑ እንደገና ሥራ ሲጀምር ቫልቩ ገና አልተከፈተም ነበር።

ቴክኒሻኑ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ፋብሪካው በሙሉ «ጋሼ» የሚላቸው ሰው ናቸው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ይፈለጋል።

መልስ ከመጻፌ በፊት ማስጠንቀቂያው የተመሠረተበትን ሪፖርት ማየት እንዳለብኝ ለልጁ ነገርኩት። በሁለተኛው ቀን ከሰው ኃይል ክፍል ቅጂውን ይዞ መጣ። ጸሐፊው የሌሊቱ ፈረቃ ፎርማን ነው። ሥራ አስኪያጁ ከውጭ አገር የመጡ ናቸው፤ አማርኛ አይችሉም፣ እንግሊዝኛም የአፍ መፍቻቸው አይደለም። ስለዚህ ፎርማኑ ሌሊቱን በአማርኛ በፈረቃ መዝገቡ ላይ የጻፈውን ጠዋት በእንግሊዝኛ አዘጋጅቶ ይልክላቸዋል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሰዓቱን ነበር። እኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የምንለውን ፈረንጅ 3 ሰዓት ይለዋል፤ በዚህች የ6 ሰዓት ልዩነት የተበላሹ ብዙ ሪፖርቶች አጋጥመውኛል። ሰዓቱ ልክ ነበር። ግሶቹም ጊዜያቸውን ጠብቀዋል፣ ፊደሉም አልተሳሳተም። አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ለሰዋስው ብቻ ቢያርመው ብዙ ነጥብ ሳይቀንስ ያሳልፈዋል። ደጋግሜ ሳነበው ነው ዓይኔ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ላይ የቆመው። በፊደላችን እንዳሉ ላስፍራቸው።

«ዘ ቴክኒሻን ቶልድ ዚ ኦፕሬተር ዛት ሂ ሃድ ክሎዝድ ዘ ቫልቭ ኤንድ ሂ ዉድ ኦፕን ኢት ዌን ሂ ፊኒሽድ። ዜን ዜይ ዌንት ቱ ማሽን ፎር። ዚስ ኮዝድ ዘ ዳሜጅ።» በአማርኛ ሲገለጽ፦ ቴክኒሻኑ ለኦፕሬተሩ «ሂ» (እሱ) ቫልቩን እንደዘጋውና «ሂ» ሲጨርስ «ሂ» እንደሚከፍተው ነገሩት፤ ከዚያ «ዜይ» (እነሱ) ወደ ማሽን 4 ሄዱ፤ «ዚስ» (ይህ) ጉዳቱን አደረሰ።

በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ወንዶች አሉ፤ «ሂ» ደግሞ ሦስት ጊዜ ተጠርቷል። የዘጋው ማን ነው? የሚከፍተውስ? ሥራውን የሚጨርሰውስ? እንግሊዝኛ ለሦስቱም ጥያቄ አንድ ቃል ብቻ ነው የሰጠው። በሰዋስው ረገድ እያንዳንዱ «ሂ» ቴክኒሻኑንም ኦፕሬተሩንም ሊወክል ይችላል። ሥራ አስኪያጁ ያነበቡት እንዲህ ነበር፦ ቴክኒሻኑ ዘግተዋል፤ ኦፕሬተሩ ሲጨርስ ኦፕሬተሩ ይከፍታል። በኋላ ሲነግሩኝ፣ ቀድሞ በሠሩባቸው ፋብሪካዎች የማሽኑን ውሃ የሚከፍተውም የሚዘጋውም ኦፕሬተሩ ራሱ ነበር። አንባቢ ባለቤቱ ያልታወቀ «ሂ» ሲያጋጥመው ቆም ብሎ አይጠይቅም፤ ከራሱ ልምድ አንድ ሰው አምጥቶ ያስቀምጥበታል። እርግጠኛ ሆኖም ያልፋል። ግራ የተጋባ አንባቢ ቢያንስ ስልክ ደውሎ ይጠይቅ ነበር።

የአማርኛውን መዝገብ ፎቶ ልጁ በስልኩ አንስቶ አመጣልኝ። እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ ለኦፕሬተሩ ‹ቫልቩን ዘግቼዋለሁ፤ ስጨርስ እከፍተዋለሁ› ብለውታል። ከዚያ ወደ ማሽን 4 ሄዱ።»

እዚህ ውስጥ አንድም «እሱ» የለም፤ ሆኖም ማን ምን እንዳደረገ የሚጠፋበት አንባቢ አይኖርም። ምክንያቱ ሁለት ነው። አማርኛ የሰውን ንግግር እንደተነገረ ማስቀመጥ ይወዳል። ጋሼ «እከፍተዋለሁ» ካሉ፣ መዝገቡም «እከፍተዋለሁ» ይላል፤ ከፋቹ ተናጋሪው መሆኑ በግሱ ላይ ተለጥፏል። እንግሊዝኛው ንግግሩን ወደ ራሱ ትረካ ሲያዞረው ያ «እኔ» ወደ «ሂ» ተለወጠና ከኦፕሬተሩ «ሂ» ጋር ተቀላቀለ። ሁለተኛው «ብለውታል» የሚለው ቃል ነው። ተናጋሪው በአክብሮት የሚጠሩ፣ ሰሚው ደግሞ «አንተ» የሚባል ወጣት መሆኑን ይህ አንድ ቃል ይዞታል። ነገሩ ተገልብጦ ልጁ ለጋሼ ተናግሮ ቢሆን «ብሏቸዋል» ይሆን ነበር። በእንግሊዝኛ ሁለቱም «ሂ ቶልድ ሂም» (እሱ ለእሱ ነገረው) ናቸው። እንግሊዝኛም ጥንት ለአንድ ቅርብ ሰው «ዛው» የሚል፣ ከአክብሮቱ «ዩ» የተለየ መጠሪያ ነበረው፤ ያም ቢሆን ሁለተኛውን መደብ ብቻ ነበር የሚለየው። «ሂ» ሽማግሌና ወጣት ለይቶ አያውቅም።

ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሳየው ደነገጥኩ። «ዜይ ዌንት» ከየት መጣ? መዝገቡ «ሄዱ» ነው የሚለው። «ሄዱ» በአማርኛ ብዙ ሰዎችም ናቸው፣ አንድ የተከበሩ ሰውም ናቸው፤ ግሱ አይለይም። ተውላጠ ስሙ ቢኖር «እሳቸው» እና «እነሱ» ይለዩት ነበር፤ ግን በአማርኛ ግሱ ባለቤቱን ስለሚሸከም ተውላጠ ስሙን ማን ይጽፈዋል? ፎርማኑ በደከመ ዓይን ጠዋት ሲተረጉም «ሄዱ»ን «ዜይ ዌንት» አደረገው። ጋሼን «ሂ» ማለት ሳይከብደውም አልቀረ። እንግሊዝኛም «ዜይ»ን ለአንድ ሰው ይጠቀምበታል፤ ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለ ልማድ ነው። ይህን የሚያደርገው ግን በአብዛኛው ሰውየው ማን እንደሆነ ወይም ጾታው በማይታወቅበት ቦታ ነው እንጂ ለአክብሮት አይደለም። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሲደርስ ሁለት ሰዎች ሆነ፦ ቴክኒሻኑና ኦፕሬተሩ፣ ሁለቱም ማሽን 2ን ትተው ሄዱ። የማስጠንቀቂያው ሁለተኛ ክስ ከዚህ ቃል ነው የተወለደው። ለጋሼ የተሰጠ አክብሮት ድንበር ሲሻገር ለልጁ ክስ ሆነ። ይህን ሳስበው አሁንም ያመኛል።

ሦስተኛው «ዚስ ኮዝድ ዘ ዳሜጅ» ነው። «ይህ» ምን? መዘጋቱ? አለመከፈቱ? መሄዳቸው? «ዚስ» ከፊቱ የተባለውን ሁሉ በአንድ እቅፍ ይሰበስባል፤ ከሁሉም ቀድሞ የሚጠቁመው ግን ቅርቡን ነው፣ ቅርቡ ደግሞ «ሄዱ» ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጉዳቱን ያደረሰው መሄዳቸው እንደሆነ አድርገው ወሰዱት።

ፎርማኑን ልጁ ራሱ ይዞት መጣ። ይከላከላል ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ሳስቀምጥለት ፊቱ ተለወጠ። ክፉ ሰው አይደለም። «እህቴ፣ እኔ እኮ ተጠንቅቄ ነው የጻፍኩት። መምህራችን ስም መደጋገም የደካማ እንግሊዝኛ ምልክት ነው፣ በተውላጠ ስም ተኩት ይሉን ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔንም እንዲሁ አስተምረውኛል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ መልመጃው ደግሞ «የተሰመረበትን ስም በተውላጠ ስም ተካ» ይላል። በመልመጃው ውስጥ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት፣ አንድ ዕቃ ነው ያለው፤ «ሂ»፣ «ሺ» እና «ኢት» ሳይጋጩ ይደላደላሉ። ሁለት ወንዶችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ «አሁንስ ትተካለህ?» ብሎ የጠየቀን መልመጃ አላስታውስም። የፋብሪካ ሌሊት ግን ሁልጊዜ ሁለት ወንዶች ያሉበት ዓረፍተ ነገር ነው።

የቆዩ ሪፖርቶቹንም አሳየኝ። በአንዱ «ሺ ስቶፕድ ቢኮዝ ሺ ዎዝ ሆት» (ስለጋለች ቆመች) ተብሎ ተጽፏል። ማሽኗ ማለቱ ነው፤ እኛ የምንወዳትንም የምታስቸግረንንም ማሽን በሴት እንጠራለን። በዚያ ፈረቃ አንዲት የጥራት ተቆጣጣሪ ሴት ነበረች፤ ሥራ አስኪያጁ ታማ እንደሆነ ጠይቀዋት ነበር። ያኔ ለምን እንደተጠየቀች ማንም አላወቀም።

መፍትሔው ላይ ትንሽ ተከራከርን። ፎርማኑ ከኮሌጅ የሚያስታውሳቸውን «ዘ ፎርመር» እና «ዘ ላተር» አመጣ፦ «የመጀመሪያው» እና «ሁለተኛው»። አልወደድኩትም። አንባቢው ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲቆጥር ያስገድዳል፤ ከሌሊቱ ሪፖርት ክምር መካከል ማንም አይቆጥርም። ከእያንዳንዱ «ሂ» ቀጥሎ በቅንፍ «ቴክኒሻኑ» ብሎ መጻፍንም ሞከርነው። ቅንፍ ውስጥ መጻፍ ካለብን፣ ቅንፉን አንስተን ስሙን እዚያው ብናስቀምጠውስ?

ያኔ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን የቤት ኪራይ ውል አነሳሁለት። በቀን ስንቴ እንደምጽፈው አላውቅም። «አከራይ ቤቱን ለተከራይ አስረክበዋል፤ ተከራይ ኪራዩን ለአከራይ በየወሩ ይከፍላሉ፤ ተከራይ ቤቱን ሲለቁ ለአከራይ አስቀድመው ያሳውቃሉ።» ከላይ እስከ ታች አንድም ቦታ «እሱ» አይልም። ማንም ተከራይ ውሉን አንብቦ «ምነው ደጋገማችሁት» ብሎኝ አያውቅም፤ ገንዘቡ ያለበት ቦታ ነዋ። የእንግሊዝኛ ውሎችም እንዲሁ ናቸው፤ አከራይና ተከራይን በየመስመሩ ይደጋግማሉ። ፎርማኑ ውሉን ሁለቴ አነበበው። «ይህማ የምናውቀው ነገር ነው» አለ።

አዲሱን ሪፖርት አብረን ጻፍነው። ንግግሩን እንዳለ በጥቅስ አስቀመጥን፦ «ዘ ቴክኒሻን ሴድ ቱ ዚ ኦፕሬተር፣ ‹አይ ሃቭ ክሎዝድ ዘ ቫልቭ። አይ ዊል ኦፕን ዘ ቫልቭ ዌን አይ ፊኒሽ።›» የአማርኛው «እኔ» በእንግሊዝኛው «አይ» ወደ ቦታው ተመለሰ። ቀጥሎ «ዘ ቴክኒሻን ዌንት ቱ ማሽን ፎር። ዚ ኦፕሬተር ስቴይድ አት ማሽን ቱ።» ጻፍን፤ ቴክኒሻኑ ወደ ማሽን 4 ሄዱ፣ ኦፕሬተሩ ማሽን 2 ላይ ቆየ ማለት ነው። «ኢት»ንም አውጥተን «ዘ ቫልቭ» አልን። አዎ፣ ይደጋግማል።

እዚህ ላይ ልጁ አስቆመን። «እትዬ፣ ይህን ከጻፍሽው ጥፋቱ ጋሼ ላይ ሊወድቅ ነው። ተዪው በቃ፤ ማስጠንቀቂያውን እኔው ልሸከመው» አለ። እጄን ከኪቦርዱ አነሳሁ። ለካ «ሂ» ለአንዳንዱ ሰው መጠለያም ናት። እኛ ዘንድ ሰውን ለይቶ በማዕረጉ እየጠሩ «ይህን አደረገ» ብሎ መጻፍ ክስ ነው የሚመስለው፤ ስለዚህ ደፈን አድርገን እናልፋለን። ፎርማኑም አንገቱን ደፍቶ፣ ሲጽፍ ይህ ሐሳብ ጨርሶ አልነበረብኝም ለማለት እንደማይደፍር ነገረን። ግን ደፈን ያለው ቃል ሜዳ ላይ አይቀርም፤ አንድ ሰው ላይ ያርፋል፤ ያረፈውም ትንሹ ላይ ነው። ልጁ ምንም ቢል ያለ ጋሼ ፈቃድ እንደማልልከው፣ ግን ለጋሼ ሳይነገርም እንደማይቀር ነገርኩት።

ጋሼ በማግስቱ ራሳቸው መጡ። ወንበር ላይ ሳይቀመጡ «የት አለ ወረቀቱ?» አሉ። አንብቤ ተረጎምኩላቸው። «እውነት ነው፤ እከፍተዋለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። መጋጠሚያውን አጥብቄ ሳበቃ ማሽን 4 ላይ የዘይት ቱቦ ፈነዳ ብለው ጠሩኝ፤ ሮጥኩ። ልጄ፣ እንዳለ ላኪው» አሉኝ። ልጁም ያኔ የራሱን ተናገረ። ጋሼ ዕቃቸውን ሰብስበው ሲሄዱ፣ መጋጠሚያውም ሲደርቅ አይቶ «ጨርሰዋል፣ ከፍተዋል ማለት ነው» ብሎ ማሽኑን ያስነሳው እሱ ነው። የውሃውን መለኪያ አላየም። በመጀመሪያው ሪፖርት ውስጥ ይህ «ዘ ማሽን ዎዝ ስታርትድ» (ማሽኑ ተነሳ) በሚል አስነሺ የሌለው ግስ ተሸፍኖ ነበር። እሱንም «ዚ ኦፕሬተር ስታርትድ ዘ ማሽን» (ማሽኑን ኦፕሬተሩ አስነሳ) ብለን አስተካከልን፤ ልጁን የሚጠቅም ባይሆንም።

የቀረው «ዚስ» ነበር። ለፎርማኑ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፦ ከ«ዚስ» ቀጥሎ ስም ጨምርበት። «ይህ ምን?» የሚለውን በአንድ ቃል መልስ። መጀመሪያ «ይህ መዘንጋት» አለ፤ ጋሼን አይቶ ሰረዘው። ቀጥሎ «ይህ አለመከፈት» አለ፤ ይህ ደግሞ ጉዳቱን በሌላ ቃል መድገም ሆነ። ብዙ አሰበ። በመጨረሻ «ዚስ ኢንተራፕሽን» ብሎ ጻፈ፦ ይህ መቋረጥ። ጋሼ የጀመሩትን ጥገና ሳይጨርሱ መጠራታቸው ማለት ነው። ቃሉ ሲጻፍ ሁላችንም ዝም አልን፤ ምክንያቱም ወዲያው ሌላ ጥያቄ ወለደ። ለምን ተቋረጡ? በሌሊት ፈረቃ ለማሽኖቹ ሁሉ ያሉት አንድ ቴክኒሻን ስለሆኑ። ይህ እውነት ሪፖርቱ ውስጥ ከመጀመሪያው ነበረ፤ «ዚስ» ከሚለው ቃል ሥር ተቀብሮ።

አማርኛችን ከዚህ ችግር ነፃ ነው እያልኩ አይደለም። ጋሼና ልጁ በአክብሮት ስለሚለያዩ ነው ግሱ ያዳነን። ሁለት እኩያ ወጣቶች ቢሆኑ «ነገረው» ሲባል ማን ለማን እንደተናገረ ይጠፋ ነበር። ይህን ስጽፍ ራሴም ሥራ አስኪያጁንና ጋሼን በአንድ አንቀጽ ሳገናኝ «ተናገሩ»፣ «ተስማሙ» የሚለው ማንኛቸው እንደሆኑ እየጠፋብኝ ስማቸውን ደግሜ ጽፌያለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ሪፖርቶች ጎን ለጎን ሲያዩ እኔም በአስተርጓሚነት ተጠርቼ ነበር። ሥራ አስኪያጁ «ዜይ» የሚለው ላይ ጣታቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ ቆዩ። በእኛ ቋንቋ አንድ ትልቅ ሰው እንደ ብዙ ሰው እንደሚጠሩ ሳስረዳቸው፣ በአገራቸው ቋንቋም ተመሳሳይ ልማድ እንዳለ ተናገሩ፤ እንግሊዝኛ ሲያነቡ ግን አስበውት አያውቁም። ማስጠንቀቂያው ተነሳ። በምትኩ ልጁ የውሃ መለኪያውን ሳያይ ማሽን እንዳያስነሳ ምክር ተሰጠው፤ ማኅደሩ ውስጥ የማይገባ። ይህን ልጁም ተገቢ ነው አለ። ለጋሼ የተጻፈ ደብዳቤ የለም። ሁለተኛ ቴክኒሻን ለሌሊት ፈረቃ እስከ አሁን አልተቀጠረም፤ ጥያቄው በሰው ኃይል ክፍል በኩል ቀርቧል።

ፎርማኑ አሁን የእንግሊዝኛውን ሪፖርት ከመላኩ በፊት «ሂ»፣ «ኢት»፣ «ዜይ» እና «ዚስ» ላይ በእርሳስ ያከብባል። በእያንዳንዱ ክብ ላይ ሪፖርቱን ያላየ ሰው ጠርቶ «ይሄ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ራሱን አይጠይቅም፤ እሱ መልሱን ስለሚያውቅ ክቡ ሁልጊዜ ግልጽ ይመስለዋል። ሰውየው ካመነታ ክቡ ውስጥ ስሙ ይገባል። ለአንድ ገጽ የሚፈጀው ከሻይ መጠጫ ጊዜ ያነሰ እንደሆነ ነግሮኛል።

ጋሼ ደግሞ ከካርቶን የተቆረጠች፣ በሽቦ የምትንጠለጠል ቁራጭ ሠርተዋል። ጥገና ሲጀምሩ የሚዘጉት ቫልቭ ላይ ያስሯታል፤ ቢጠሩም፣ ቢሮጡም እዚያው ትቆያለች። በአንድ በኩል በእንግሊዝኛ እኔ ጽፌላቸዋለሁ። በሌላው በኩል በራሳቸው እጅ በአማርኛ እንዲህ ይላል፦ «ዘግቼዋለሁ። እኔው መጥቼ እከፍተዋለሁ። ቴክኒሻን።»